ሁለት ጊዜ ያመለከትኩበት የሮም ጉዞ

ሰኔ 2016 ዓ.ም. ፓስፖርቴን የያዘውን ፖስታ ከቪዛ ማመልከቻ መቀበያ ማዕከሉ ተረክቤ በሩ ላይ እንደቆምኩ ስከፍተው፣ ከፓስፖርቱ ጋር አንዲት ወረቀት ወጣች። ምክንያቶች በቁጥር የተደረደሩባት ቅጽ ስትሆን፣ በሁለቱ ላይ ምልክት ተደርጓል። አንደኛው ስለ ጉዞዬ ዓላማና ስለ ቆይታዬ ያቀረብኩት መረጃ አስተማማኝ እንዳልሆነ፣ ሌላው ደግሞ ቪዛዬ ከማብቃቱ በፊት ወደ አገሬ ስለመመለሴ ጥርጣሬ እንዳለ ይገልጻል። ለስምንት ዓመታት በአንድ የግል መድኃኒት ቤት በፋርማሲስትነት የሠራሁና ሁለት ልጆች የማሳድግ ሴት ነኝና፣ ሁለተኛው ምክንያት እጅግ አሳዘነኝ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ግን ያስገባሁትን ሰነድ ቅጂ አውጥቼ፣ እኔን ጨርሶ እንደማያውቅ ሰው ሆኜ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር። ይህን የምጽፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጉብኝት ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስብ ሰው እኔ ገንዘብና ጊዜ ከፍዬ ያወቅኩትን ከማመልከቱ በፊት እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ስህተቱ የጀመረው ከኤምባሲ ምርጫ ነው። የእኔ ፍላጎት ሮምን ማየት ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ተወስዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመለሰው ሐውልታችን ለዓመታት ቆሞበት የነበረውን ቦታ በዓይኔ ለማየት ከተማሪነቴ ጀምሮ እመኝ ነበር። ጉዳዩን እንዲያስጨርስልኝ የያዝኩት ደላላ ግን የአንድ ሌላ የአውሮፓ አገር ኤምባሲ ቪዛ ቶሎ እንደሚሰጥ፣ የሼንገን ቪዛ አንዴ ከተገኘ ደግሞ ሁሉም አገር እንደሚያስገባ ነገረኝ። ሁለተኛው አባባል በከፊል እውነት ነው፤ የሼንገን አገሮች የሚባሉት፣ በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩት 29 የአውሮፓ አገሮች፣ አንዱ የሰጠውን የአጭር ጊዜ ቪዛ ሌላው ይቀበላል። የሚመለከተው ኤምባሲ የትኛው እንደሆነ ግን ሕጉ ይወስናል እንጂ አመልካቹ አይመርጥም። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ወይም የጉዞው ዋና ዓላማ ለሚፈጸምበት አገር ነው፤ ቆይታው እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ይሆናል። ደላላው በዚያ አገር የ12 ሌሊት ሆቴል አስያዘልኝ። እኔ ደግሞ አስቀድሜ የገዛሁት ትኬት መመለሻው ከሮም ነበር። ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው፣ ቆይታዬ በሙሉ በአንድ አገር እንደሆነ ሆቴሉ ሲነግረው፣ ከሌላ አገር እንደምመለስ ደግሞ ትኬቱ ይነግረዋል። በመካከል እንዴትና መቼ ወደ ሮም እንደምሄድ የሚገልጽ አንዲትም መስመር አልነበረችም።

የባንክ ሒሳቤን ጉዳይ በተለይ ልናገር፤ በዚህ የሚወድቀው ሰው ብዙ ነውና። በቁጠባ ደብተሬ የነበረኝ ገንዘብ ያንሳል ብዬ ስለሰጋሁ፣ ታላቅ ወንድሜ ማመልከቻው ከመግባቱ ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ 350,000 ብር አስገባልኝ። በስቴትመንቱ ላይ ወር በወር የምትገባው ደመወዜ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ እየተከታተሉ ይወርዱና፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ቁጥር ብቻውን ይታያል። ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ደብዳቤ አላያያዝኩም። ስቴትመንት የሚጠየቀው በዕለቱ ያለውን ድምር ለማየት ብቻ ሳይሆን፣ የወራት ገቢና ወጪ ሰውየው ከሚናገረው ሥራና ኑሮ ጋር መስማማቱን ለማየት ጭምር እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። በድንገት የገባ ብዙ ብር ከማሳመን ይልቅ ያስጠረጥራል። ገንዘቡ በእርግጥ ስጦታ ወይም ድጋፍ ከሆነ፣ የሰጠው ሰው ራሱ በደብዳቤ ቢያረጋግጥና የገንዘቡን ምንጭ ቢያሳይ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከሁሉም ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የዓመተ ምሕረቱ ነገር ነው። የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀጥሬ እንደምሠራ ይላል። ትርጉም ቤቱ ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ቁጥሩን ሳይለውጥ 2008 ብሎ አለፈው፤ በእኛ አቆጣጠር መሆኑንም አልጻፈም። እኔ በማመልከቻ ቅጹ ላይ የሞላሁት ደግሞ በትክክል መስከረም 2015 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛን የዘመን አቆጣጠር ለማያውቅ ሰው ይህ የሰባት ዓመት ልዩነት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የልደት ሠርተፊኬት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ ሁሉም በዚህ መንገድ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስለዚህ ትርጉሙን ከመረከባችሁ በፊት እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ቆማችሁ እያንዳንዱን ቀን ከፓስፖርታችሁና ከቅጹ ጋር አስተያዩ። የስማችሁንም የላቲን አጻጻፍ እንዲሁ ተመልከቱ። አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሁለት ፊደል የተጻፈ የአባት ስም ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተርና ለባዕድ አንባቢ ግን ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። መለኪያው ሁልጊዜ በፓስፖርቱ ላይ ያለው አጻጻፍ ነው።

ጊዜውንም በተመለከተ ተሳስቼ ነበር። የሼንገን ማመልከቻ በ15 ቀን መልስ ያገኛል የሚለውን ሰምቼ፣ ልጓዝ 20 ቀን ሲቀረኝ አስገባሁ። ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ በኢትዮጵያውያን ላይ ጊዜያዊ ገደብ ጥሎ ነበር። ምክንያት ያደረገውም በአውሮፓ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚገኙ ዜጎችን መልሶ በመረከብ ረገድ በቂ ትብብር አልተደረገም የሚል ነው። በውሳኔው መሠረት መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፤ ለአንዳንድ አመልካቾች ይደረግ የነበረው ሰነድ የመቀነስ አሠራር ቀረ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ለእኛ እንዳይሰጥ ተወሰነ። ውሳኔው ስለ እኔ ምንም ሳያውቅ የእኔን ጉዞ ነካ። የምጓዝበት ቀን አልፎ፣ ገንዘቡ የማይመለሰው ትኬቴም ተቃጥሎ ነው መልሱ የደረሰኝ። የማመልከቻው ክፍያ የነበረው 80 ዩሮም ቪዛው ቢከለከልም የሚመለስ አልነበረም። ክፍያው ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ግማሹ ሲከፈል፣ ከ6 ዓመት በታች ያሉት አይከፍሉም።

በክልከላው ወረቀት ላይ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለኝ ተጽፎ ነበር። ይግባኝ ጥሩ የሚሆነው ሰነዱ ትክክል ሆኖ ውሳኔው የተሳሳተ እንደሆነ ይመስለኛል፤ የእኔ ግን ሰነዱ ራሱ የተሳሳተ ስለነበር አዲስ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ወሰንኩ። ክልከላውን መደበቅ እንደማይቻልም አውቄያለሁ። አሻራና የማመልከቻው ውሳኔ የሼንገን አገሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የቪዛ መረጃ ቋት ይመዘገባሉ። ሌላ ኤምባሲ ብሄድ አያዩትም ብሎ ማሰብ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛውን ዝግጅት በ2017 ዓ.ም. ስጀምር ያለ ደላላ ሠራሁት። ይህን ስል ሁሉንም አስፈጻሚ መኮነኔ አይደለም፤ ቅጽ ለመሙላት እርዳታ የሚፈልግ ሰው አለ። ነገር ግን ፊርማው የአመልካቹ ነው፤ በስሙ የገባ የሐሰት ሆቴል ወይም የሐሰት ደብዳቤ የሚጠየቅበትም እሱ ነው። የሰነዶቹን ዝርዝር በዚህኛው ጊዜ ከማመለክትበት ከጣሊያን ኤምባሲ ይፋዊ ገጽ አትሜ ከወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠ 10 ዓመት ያልሞላውና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትንና በሕመም ወይም በሞት ጊዜ ወደ አገር መመለስን የሚያካትት ሊሆን ይገባል፤ ከምንቆይባቸው ቀኖች አንድም እንዳይጎድልበት ቀኖቹን መቁጠር ያስፈልጋል። ሆቴሉን ራሴ አስያዝኩ፤ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለውን መርጬ፣ ግን በእርግጥ ላርፍበት ያሰብኩትን። ትኬቱን አልገዛሁም፤ የተያዘ የበረራ ፕሮግራም ብቻ አቀረብኩ።

ስንት ገንዘብ ይበቃል የሚለውን ጥያቄ ደላላው በግምት ነበር የሚመልስልኝ። መልሱ ግን ተጽፎ ይገኛል። እያንዳንዱ የሼንገን አገር ጎብኚ ሊኖረው የሚገባውን አነስተኛ ገንዘብ ይወስናል። የጣሊያን የአገር ውስጥ ሚኒስቴር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሠንጠረዥ፣ ከ11 እስከ 20 ቀን ለሚቆይ ብቸኛ ተጓዥ 51.64 ዩሮ በቋሚነት፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ ቀን 36.67 ዩሮ ይላል። ለ12 ቀን ስደምረው 491.68 ዩሮ ሆነ። ይህ ትንሹ ልክ ስለሆነ እኔ ከዚያ በላይ አሳየሁ፤ ሆኖም የሰማሁት ወሬ ካስፈራኝ ገንዘብ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ከወንድሜ ገንዘብ መበደር አላስፈለገኝም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብር ከዩሮ አንጻር በመውረዱ ቁጠባዬ ከዓመት በፊት ካሰብኩት ያነሰ ስለሆነ፣ ጉዞውን ለጥቂት ወራት አዘገየሁና ከደመወዜ እየቆጠብኩ ጠበቅኩ። በስቴትመንቱ ላይ ያ ቀስ በቀስ ከፍ የሚል ቁጥር ከማንኛውም ደብዳቤ ይልቅ ስለ እኔ ተናግሯል ብዬ አምናለሁ።

ስለ መመለሴ ያለውን ጥርጣሬ ለማስወገድ የምችለው በማስረጃ ብቻ ነበር። መሥሪያ ቤቴ የሥራ መደቤን፣ ደመወዜን፣ የተፈቀደልኝን የዓመት ፈቃድ ከመነሻው እስከ መመለሻው ቀንና ወደ ሥራዬ የምመለስበትን ዕለት የሚገልጽ አዲስ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ቀኖቹም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ሰፈሩ። የጡረታ መዋጮዬን ማስረጃ፣ የልጆቼን የልደት ሠርተፊኬትና የትምህርት ቤታቸውን ደብዳቤ ጨመርኩ። መረጋገጥ የሚገባቸውን ውልና ማስረጃ ወስጄ አረጋገጥኩ። በመጨረሻም አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሐውልቱ ቆሞበት የነበረውን አደባባይ ለምን ለማየት እንደምፈልግ፣ በየትኛው ቀን የት እንደምሆን፣ ማን ወጪውን እንደሚሸፍን፣ ቀደም ሲል መከልከሌንና የዚያን ጊዜ ሰነዶቼ በምን እንደተሳሳቱ በግልጽ አሰፈርኩ። ደብዳቤውን ሳልጨምር ብቀር ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አልችልም፤ እኔን ግን ያለ ፍርሃት ለጥያቄ እንድቀርብ አድርጎኛል።

ማመልከቻውን ያስገባሁት ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ 45 ቀኑ የሚቆጠረውም ማመልከቻው ከገባ በኋላ ስለሆነ ቀጠሮ የሚጠበቅበትን ጊዜ ለብቻው ማሰብ ይገባል። በማዕከሉ የተቀበለችኝ ሠራተኛ አሻራዬን ከወሰደች በኋላ ይሰጠኝ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እኅቴ፣ እኛ ተቀብለን እናስተላልፋለን እንጂ አንወስንም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የማዕከሉ ሠራተኛ ሰነዱ ሞልቷል ስላለ ቪዛው ተሰጥቷል ማለት አይደለም።

ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ፓስፖርቴ ተመለሰ፤ ቪዛው ተለጥፎበታል። ደስታዬ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ተለጣፊውን በትክክል ማንበብ ያስፈልጋል። በላዩ ላይ ከኅዳር 5 እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚሆኑት የፈረንጅ ቀኖች ተጽፈዋል፤ ሲቆጠሩ 27 ቀን ይሆናሉ። የቆይታው ጊዜ በሚለው ቦታ ግን 12 ይላል። 27 ቀኑ ጉዞው ቢዘገይ ተብሎ የሚጨመር የ15 ቀን መተንፈሻ ያለበት ነው እንጂ፣ መቆየት የሚፈቀደው 12 ቀን ብቻ ነው። የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ይቆጠራል፤ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ የደረሰ ሰው ያን ቀን ተጠቅሞበታል። የመግቢያው ብዛት አንድ ስለሚል፣ ከሼንገን ክልል ወጥቶ ለንደንን ወይም ደብሊንን አይቶ ወደ ሮም መመለስ አይቻልም። ቫቲካን ሌላ አገር ብትሆንም ከሮም ሲገቡባት የድንበር ቁጥጥር ስለሌለ ቪዛውን አትነካም።

ቦሌ ላይ የትኬቱ ሰዓት እንዳያሳስታችሁ ተጠንቀቁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሳ በረራ ትኬቱ ላይ ያለው ቀን የሚጀምረው በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት የሚገባው በዋዜማው ማታ ነው። የሻንጣ መቀበያው ሠራተኛ ቪዛዬንና የመመለሻ ትኬቴን ተመለከተ። ሮም ፊዩሚቺኖ ስደርስ ደግሞ የድንበር ፖሊሱ ለምን እንደመጣሁ፣ የት እንደማርፍና መቼ እንደምመለስ ጠየቀኝ። ቪዛ በሩ ድረስ የሚያደርስ ፈቃድ ነው፤ የመግቢያውን ውሳኔ የሚሰጠው በሩ ላይ ያለው መኮንን ነው። የሆቴሉን፣ የኢንሹራንሱንና የመመለሻውን ወረቀት ሻንጣዬ ውስጥ ሳልከት በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ስለነበር ወዲያው አሳየሁት። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አውሮፓ መግቢያና መውጫን በኮምፒውተር የሚመዘግብ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ስለጀመረች ጣቶቼን መሣሪያው ላይ አሳርፌ ፊቴን ፎቶ አነሱኝ፤ ማኅተሙንም መቱልኝ። ሥርዓቱ የተፈቀደውን ቀን ያሳለፈ ሰውን ራሱ ቆጥሮ ያወጣል።

ስለ መሸጋገሪያ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ምክንያት ከቦሌ ተመልሷልና። ለስብሰባ ወደ ኮሎምቢያ ሲሄድ በማድሪድ የሚያልፍ ርካሽ ትኬት ገዛ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስለማይወጣ ቪዛ አያስፈልገኝም ብሎ ነበር። ኢትዮጵያ ግን ዜጎቻቸው በሼንገን አውሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች አንዷ ናት። የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጃፓን ወይም የሼንገን አባል አገር የጸና ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ነጻ ይሆናል፤ እሱ ግን አልነበረውም። አየር መንገዶች አስፈላጊው ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ካጓጓዙ ስለሚቀጡ፣ በመቀበያው ላይ ያሉ ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ ሊያልፉት አይችሉም። ትኬት ስትገዙ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት በየት እንደሚያልፍ እዩ፤ ለእያንዳንዱም አገር ደንቡን ጠይቁ።

መድረሻችሁ አውሮፓ ካልሆነ ዝርዝሩ ይለወጣል። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። እንደ ሕንድ፣ ታይላንድና ታንዛኒያ ያሉ አገሮች ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንዲያሳይ ያስገድዳሉ፤ ሕንድ ካርዱ የሌለውን ሰው እስከ 6 ቀን ለይታ ልታቆየው ትችላለች። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋበት ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንድ ጊዜ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። በሙያዬ ምክንያት ሰዎች ከበረራቸው ሁለት ቀን ሲቀራቸው እየሮጡ መጥተው ሲጠይቁኝ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ልረዳቸው የምችልበት መንገድ የለም።

እኔ በ12ኛው ቀን፣ ኅዳር 16፣ ከሮም ተነሣሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ማለዳ ሐውልቱ ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ሄጄ ነበር። ፓስፖርቴን፣ የመሳፈሪያ ወረቀቶቼንና ያን የክልከላ ወረቀት በአንድ ፖስታ አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ታናሽ እኅቴ ስታመለክት ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን የእሷን ሰነዶች አንድ በአንድ እናነባለን።